ምራቂ የማይቆጠርበት መስመር፦ ለአንድ ኮንቴይነር እንጨት ብዬ ሜልቦርን የሄድኩበት ጉዞ

ከሜልቦርን ከተመለስኩ ወዲህ የእንጨት ተራ ሰው ሥራ አላሠራኝም። አንዱ ይመጣና "ፎቁ እንዴት ነው?" ይላል። ሌላው "ካንጋሮ አየህ ወይ?" ይላል። ፎቅ አልወጣሁም፤ ካንጋሮም አላየሁም። ስንቴ ልድገምላችሁ? አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔ ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ስለዚህ ያማረ ነገር የሚፈልግ ሌላ ሰው ዘንድ ይሂድ። እኔ ያየሁትን እላለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። እንድሪስ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። አባታችን ሲሞት ገና በጀርባ የሚታዘል ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዛሬም አንቱ ይለኛል። በሱዳን በኩል ወጥቶ ሜልቦርን ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። ሚስት አለችው፣ ልጅ አለችው፣ ሥራ አለው። ይህ ሁሉ አልበቃው ብሎ እንዲህ ሲል ላከብኝ፦ "ጋሼ፣ ሥራዬን ልልቀቅና ለቤት መግዣ ባጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ኮንቴይነር ጠንካራ እንጨት ገዝቼ ልላክ። አንቱ አዲስ አበባ ይሽጡት። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት እንልካለን። መጥተው ይዩት። እሺ ካሉ እሺ ነው፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።" ቲኬቱንም አብሮ ላከ።

እኔ ደግሞ የሄድኩት እሺ ልል ነው። አልዋሽም። መጋዘኔ ባዶ ነበር። ድሮ ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ዝግባ እስከ ጣሪያ የሚደረደርበት ቦታ፣ ያን ጊዜ የባህር ዛፍ አጠናና አንዲት ድመት ብቻ ነበሩበት። ድመቷም የጎረቤት ናት። ይህን ለእንድሪስ አልነገርኩትም። እኔ የሰው ጉድለት ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ የራሴን ግን "ከሰርኩ" ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ያ ኮንቴይነር ለእሱ ሕልም ነው፤ ለእኔ ግን እንጀራ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ከቦሌ ቦምቤይ፣ ከቦምቤይ ሲንጋፖር፣ ከሲንጋፖር ሜልቦርን። አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ ልጅ ምግብ ይዛ መጣች። "ሥጋው ሀላል ነው?" ስላት ፈገግ አለችልኝ። ፈገግታ መልስ አይደለም። ዳቦውን በላሁና ሥጋውን አጠገቤ ለተቀመጠ ሕንዳዊ ሰጠሁት። እሱም ሥጋ አይበላም ኖሯል። ሁለታችንም ሥጋውን እያየን ሲንጋፖር ደረስን።

ለእንድሪስ ስጦታ ይዤ ነበር፤ ከድሮው ክምር የቀረችኝን አንዲት የዋንዛ ጣውላ። በእጄ ልጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በጋቢ ጠቅልያት ነበር። ሜልቦርን ስንወርድ ጉምሩኩ ጋቢውን ፈታና ደነገጠ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም ደነገጠ። ጓንት አጠለቁና ጣውላዬን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ወረቀት አመጡልኝ፤ ፈረምኩ። ጋቢውን መለሱልኝ። በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ ወደ አውስትራልያ የተላከው ጠንካራ እንጨት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱም ኬላ ላይ ቀረ።

እንድሪስ ውጭ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

"ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ!"

"እንጨቴን ቀሙኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ሰላምታ አይቀድምም?"

"ቀሙኝ እልሃለሁ!"

"ትል ይኖረዋል ብለው ነው።"

"ዋንዛ ትል አይነካውም።"

"እነሱ መች ዋንዛ ያውቃሉ።"

"ታዲያ አንተ እንጨት ልትገዛልኝ ያሰብከው እንጨት ከማያውቁ ሰዎች ነው?"

እንድሪስ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ቤቱ ድረስ ጋቢውን ታቅፌ ሄድኩ።

ቤቱ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ነው። ስደርስ ግድግዳውን አንኳኳሁት። እንጨት ነው! ውጭውም ውስጡም እንጨት፣ በላዩ ቀለም። እኛ አገር ድንጋይና ብሎኬት መግዣ ያጣ ሰው በእንጨትና በጭቃ ይሠራል፤ ወንድሜ ግን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ለእንጨት ቤት በየሳምንቱ ኪራይ ይከፍላል። እነሱ "ሬንት" ይሉታል። ስሙ ሲለወጥ የሚቀንስ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ሚስቱ ዘሐራ የደሴ ልጅ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ እንኳ አፏን በነጠላ የምትሸፍን። ልጃቸው ሰሚራ ክፍሏን ለቀቀችልኝ። "ስምሽ ማነው?" ብላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። "አማርኛ አትችይም?" ብላት ያንኑም በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

ወራቱ እኛ አገር ክረምት የሚገባበት ነው፤ እዚያም ብርድ ነው። ያን ዕለት ተኛሁ፤ ጥቂት ቆይቶ አልጋው መጋል ጀመረ። ከታች እሳት የተነሳ መሰለኝ። ዘልዬ ወረድኩና ፍራሹን ገለበጥኩ፤ እሳት የለም። ወለሉ ላይ ጋቢዬን ለብሼ አደርኩ። ጠዋት ዘሐራ ቡና ይዛ ስትገባ ወለል ላይ አገኘችኝ።

"ጋሼ፣ አልጋው ምን አደረገዎት?"

"ሊጠብሰኝ ነበር።"

ለካ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ከሥር አንጥፋልኝ ኖሯል። ይበርደዋል ብላ ከራሷ አልጋ አንስታ ነው ያመጣችልኝ። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያኔ ግን የተናገርኩት ሌላ ነገር ነው፤ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ቀን

ቁርስ ላይ እንድሪስ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተኝ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ከግራ ወደ ቀኝ ዓመታት ተጽፈዋል። ቀዩ ከፍ ብሎ ይጀምርና እየወረደ፣ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አረንጓዴው ዝቅ ብሎ ጀምሮ እየወጣ ሄዶ ከወረቀቱ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

"ይሄ ቀዩ የኛ ነው ጋሼ" አለኝ እንደ አስተማሪ ቆሞ። "በየዓመቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሸጠ ጠንካራ እንጨት። አረንጓዴው የነሱ ነው። ላይብረሪ ስመላለስ ከርሜ ያወጣሁት ነው። አዩት? የኛ ሲያልቅ የነሱ ይጨምራል። እዚህ መሀል ላይ ያለው ክፍተት ነው የኛ ገበያ።"

"ማን ቆጠረው?" አልኩት።

"መንግሥት ነዋ።"

"የቱ?"

"ሁሉም በየዘመኑ።"

"ሁሉም በየዘመኑ እኔን አልቆጠሩኝም።"

ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። በንጉሡ ጊዜ ከጅማ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እንጨት ስናመጣ ተሸካሚ ነበርኩ። ኬላ ላይ ጠባቂው ከላይ ያለውን ይቆጥራል፤ ከታች ያለውን እንዳያይ ሻይ እንገዛለታለን። በደርግ ጊዜ እንጨት በመንግሥት እጅ ገባ፤ ደረሰኙ በሦስት ኮፒ ነበር፣ እንጨቱ ግን በአንድም ኮፒ አልነበረም። ያኔ ቀዩ መስመር ቁልቁል የወረደው እንጨት ስለጠፋ አይደለም፤ በአህያ፣ በገደል ሥር መሄድ ስለጀመረ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚከለክል የለም፤ የሚከለከል እንጨትም የለም።

"ስለዚህ ይሄ መስመርህ" አልኩት፣ "የእንጨት መስመር አይደለም። ኬላ ጠባቂው ነቅቶ የዋለበትና ተኝቶ የዋለበት ቀን መስመር ነው።"

ዘሐራ ከምድጃው ዞራ አፏን ሸፈነች።

"ደግሞ ምራቂውን የት አደረስከው?"

"የምን ምራቂ?"

"'የምን ምራቂ' ይላል እንዴ! አንተ እንጨት ውስጥ ያደግህ አይደለህም?"

ለማያውቅ አንባቢ፦ እኛ ተራ አሥር ጣውላ የገዛ ሰው አንድ ይመረቅለታል። ሳይመረቅለት ከግቢ አይወጣም። ደረሰኝ ላይ አይገባም፣ መንግሥትም አያውቀውም። የእንጨትን ዘመን በእውነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ምራቂውን ይይ። በንጉሡ ጊዜ ጌታዬ የነበረው ነጋዴ ሙሉ ጣውላ፣ ያውም ወፍራሙን መርጦ ይመርቅ ነበር። በደርግ ጊዜ የመንግሥቱ ሱቅ ምራቂ ብትጠይቀው ይገስጽሃል። ዛሬ እኔ የምመርቀው ከአጠና የተረፈ ጭራሮ ነው፤ ገዢውም ተቀብሎ፣ አንዴ ጭራሮውን አንዴ እኔን አይቶ ይሄዳል።

"ጋሼ፣ እሱማ ረስቶታል!" አለች ዘሐራ። "ፉትስክሬይ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ 'መርቁልኝ' ስል አፍሮ ጥሎኝ ይሄዳል።"

"ዘሐራ፣ ይሄ ቢዝነስ ነው" አላት እንድሪስ።

እሷም ዝም ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች። ያን ዝምታ ልብ አላልኩትም። እኔ ልብ ያልኩት አረንጓዴውን መስመር ነበር። እየወጣ ይሄዳል። መጋዘኔ ደግሞ ባዶ ነው።

ሦስተኛው ቀን

እንድሪስ ሥራ ቦታው ሲክ ነኝ፣ አሞኛል ማለት ነው፣ ብሎ ደወለና እዚያው ብሬብሩክ ወዳለ እንጨት መሸጫ ወሰደኝ። ባለቤቱ ብሩኖ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ ወገቡ የጎበጠ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ። እርሳሱን ሳይ ደስ አለኝ፤ በሁለቱም አገር የእንጨት ሰው እርሳስ የሚያኖረው ጆሮው ላይ ነው።

እንድሪስ በእንግሊዝኛው ሊያስተዋውቀኝ ሲንደረደር እኔ አራት ማዕዘኑን ጥርብ አየሁና "ሞራሌ" አልኩ።

ሽማግሌው ቀጥ አለ። "ሞራሌ?"

"ሞራሌ" አልኩና ወደ ሌላው ክምር ዞርኩ፤ "ኮምፔንሳቶ።"

"ኮምፔንሳቶ! ሲ! ሲ!"

"ሞርሳ። ፒንሳ። ካቻቢቴ።"

ካቻቢቴ ስል ሮጦ ካቻቢቴ አመጣልኝ፤ የጠየቅሁት መስሎት። መሬት ላይ ያለውን የመጋዝ ብናኝ በእግሬ ነካ አድርጌ "ሰጋቱራ" ስለው ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። እንድሪስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጋሼ፣ ጣሊያንኛ ይችላሉ እንዴ?"

"አልችልም። እንጨት ነው የምችለው።"

ከዚያ ወደ ጣውላው ወሰደኝ። የተላገ፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ሮዝ የሚመታ ገርጣ ያለ ጣውላ። እንድሪስ እንደ ፈረስ ዳበሰው። "ይሄ ነው ጋሼ። ታዝማኒያን ኦክ። ኦክ ማለት ፈረንጅ ንጉሥ አልጋ የሚያሠራበት እንጨት ነው።"

አነሳሁት። በጣቴ አጥንት አንኳኳሁት። የተቆረጠውን ጫፍ ምራቅ ነክቼ አሸተትኩት።

"ይሄ ባህር ዛፍ ነው።"

"ኦክ ነው ጋሼ። ተጽፎበታል።"

"መጻፍማ እኔም መጋዘኔ በር ላይ 'ዋንዛ አለ' ተብሎ ተጽፏል" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ምላሴን ነከስኩ።

ብሩኖ ስንከራከር አይቶ ምንድነው አለ። እንድሪስ ጠየቀው። ሽማግሌው ትከሻውን ሰብቆ "ዩካሊፕቶ" አለ፤ ኦክ የሚሉት ለገበያ ነው፣ ሁሉም ያውቃል አለው። ሁሉም ሲል እንድሪስን ሳይጨምር ነው። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። አንድ ኮንቴይነር ባህር ዛፍ፣ ለእኔ ለባህር ዛፍ ነጋዴው ሊልክልኝ!

ሆኖም እውነቱን ልናገር፤ እንጨቱ ግሩም ነው። እኛ ባህር ዛፍን በልጅነቱ ቆርጠን አጥር እናደርገዋለን፤ እነሱ እስኪያረጅ ትተውት፣ ሰንጥቀው፣ አድርቀው ጠረጴዛ ያደርጉታል። የአዲስ አበባ አናጺ ቢያየው አያውቀውም። የፈለግኩትን ስም ሰጥቼ እሸጠዋለሁ አልኩ በልቤ። እሺ ማለቱ አሁንም አልቀረም።

ለዘሐራ የወጥ ቤት መደርደሪያ የሚሆን ጥቂት ጣውላ ገዛን። እንድሪስ ከፈለ። ጣውላውን መኪናው ጣሪያ ላይ እያሰረ ሳለ እኔ ተመልሼ ከክምሩ አንድ አነሳሁና ጨመርኩበት። የሚሠራው ጎረምሳ እየጮኸ መጣ።

"ምን ይላል ይሄ?"

"ጋሼ! ምንድነው ያነሱት? ያልከፈልንበት ነው እኮ!"

"ምራቂ ነዋ።"

"ይመልሱት፣ ፖሊስ ይጠራሉ!"

"ይህን ሁሉ ገዝተን አንድ አይመርቅም? ጣሊያን አይደለም እንዴ? ትንሽ እንኳ አያፍርም?"

ጎረምሳው አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እኔ ሌላውን ያዝኩ። እሱ ይስባል፣ እኔ እስባለሁ። ድሮ በሁለት ሰው መጋዝ ስንሰነጥቅ እንደነበረው ሆንን፤ ልዩነቱ መጋዝ አለመኖሩ ነው። ብሩኖ መጣ። እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ የአገራችንን ወግ አስረዳው። ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ የጣውላውን ጫፍ አሳየኝ፤ ጥቁር መስመር የተደረደረበት ትንሽ የመቁጠሪያ ወረቀት ተለጥፎበታል። እያንዳንዱ ጣውላ አለበት። አንድ ከጎደለ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን የምትሠራው ልጁ ትገድለዋለች አለ። ከቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ ክንድ የማትሞላ አንዲት እንጨት አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ አሁን ከምመርቀው ጭራሮ አታንስም፤ ብዙም አትበልጥም።

አረንጓዴው መስመር ለምን ያለ እንቅፋት ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ምራቂ የለበትም።

ብሩኖ ግን እንዲሁ አልለቀቀንም። ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል አስገብቶ አስቀመጠን። ቋሊማ ሊቆርጥልን ሲል እንድሪስ "አሳማ አንበላም" አለው። ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሌላ ብረት ድስት አውጥቶ ፓስታ ጣደ። ቲማቲሙን ሲያቁላላ "ስጎ" አልኩት። በቃ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሻይ ቤት የሚያውቀውን ነው ያልኩት። ከአዲስ አበባው የሚለየው ብዙ መሆኑና በርበሬ የሌለበት መሆኑ ነው። ስንወጣ ካቻቢቴውን አስታወሰና በስጦታ ሰጠኝ። ጣውላ ይቆጠራል፤ ካቻቢቴ አይቆጠርም መሰለኝ።

አራተኛው ቀን

ጎረቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው፤ በስደት መጥተው፣ ፋብሪካ ሠርተው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ክርስቲያን ናቸው። ምሳ ጠሩን። ልብላ ወይስ አልብላ እያልኩ ወጡን አየሁት።

"አይጨነቁ አቶ ይመር" አሉኝ። "ድስቱ የእናንተ ብቻ ነው፤ ለዘሐራ ብዬ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ሥጋውም ፉትስክሬይ ከእናንተው ሰው የተገዛ ነው። ክርስቲያኑ እጄ ብቻ ነው።"

ወሎ እያለሁ ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ለእኔ ብሎ ድስት የለየልኝ ሰው ግን የለም። በላሁ። ደግሜም በላሁ።

እንድሪስ እየበላ ሲያወራ "ሰኞ ኖቲስ እሰጣለሁ" አለ። ሥራ እንደሚለቅ አስቀድሞ መናገር ማለቱ ነው። ዘሐራ እጇን ሳትታጠብ ተነስታ ወጣች፤ ሰሚራን ለማየት ነው አለች። እንድሪስም ስልክ ሲጠራ ተነሳ። እትዬ ወርቅነሽ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጎተቱ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንቱ ነጋዴ ነዎት ወይስ ወንድም?"

"ሁለቱንም ነኝ።"

"እንግዲህ አንዱን ይምረጡ። ይህቺ ልጅ እዚህ ወንበር ላይ እየመጣች ታለቅሳለች። አራት ቤት ተከራይታ አራቴ አስለቅቀዋታል፤ ባለቤቱ ሸጥኩት ሲል እቃዋን ታስራለች። ሕፃኗ በአራት ትምህርት ቤት ዞራለች። የሆስፒታል ወለል እየወለወለች ነው ያንን ገንዘብ ያጠራቀመችው። ይህንን ለእርስዎ አትነግርዎትም።"

"ለምን?"

"ታላቅ ነዎታ! እርስዎ እሺ ካሉ እሷ ምን አፍ አላት?"

ተናደድኩ። "ሴትዮ፣ ምን አገባዎት?" አልኳቸው።

"ጎረቤት ነኝ፣ ያገባኛል። ይብሉ፣ አጥንቱን ትተውታል።"

አጥንቱን ጋጥኩት። ምን ላድርግ።

አምስተኛው ቀን

እንድሪስ በኦኩ ስለተዋረደ የመስመሩን እውነት በዓይኔ ሊያሳየኝ ፈለገ። ጂሎንግ የሚባል ወደብ አለ፤ እንጨት በመርከብ ሲጫን እንይ አለኝ። ዌሪቢን አልፈን ሄድን። መንገዱ ዳር እስከ አድማስ ጎመን ነው። የሚሠራበትን መጋዘን አሳየኝ።

"አሥር ዓመት የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ የነዳሁት እዚያ ውስጥ ነው። ከሰኞ በኋላ ግን ዞሬም አላየው።"

ወደቡ ስንደርስ ዝናብ ነው። አጥሩ አጠገብ መኪናውን አቆመና "ይኸውልዎት" አለ። እንጦጦን የሚያህል ነገር ተከምሯል። ትልልቅ ማሽን እያፈሰ ወደ መርከብ ይገለብጣል። ዓይኔን ጠርጌ አየሁ። ጣውላ አይደለም፣ ግንድም አይደለም። ፍቅፋቂ ነው! እንጨት ቀጥቅጠው ጥፍር የሚያህል ሰባብረውት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ኤክስፖርት ነው ጋሼ። ባሕር ማዶ ወስደው ወረቀት ያደርጉታል።"

"አረንጓዴው መስመር ውስጥ አለ ይሄ?"

የመኪናውን መስታወት በክንዱ ጠርጎ "ሁሉም በአንድ ላይ ነው የተቆጠረው" አለ።

ሳቄ መጣ። እኛ ደን ጨርሰን ምድጃ ውስጥ ከተትነው፤ መስመራችን ወረደ። እነሱ ቀጥቅጠው መርከብ ውስጥ ከተቱት፤ መስመራቸው ወጣ። ዛፉን ብትጠይቁት ልዩነቱን የሚነግራችሁ አይመስለኝም።

እንድሪስ አልሳቀም። መሪውን እንደያዘ፣ "እሺ ጋሼ፣ ይበቃል። ነገ ሰኞ ነው። እሺ ወይስ እምቢ?" አለኝ።

"አንድ ልጠይቅህ። አንዱ መጥቶ አሥር ጣውላ ቢገዛኝ ስንት እመርቅለታለሁ?"

"አንድ።"

"ባልመርቅለትስ?"

"ቀጥሎ ካለው ይገዛል።"

"ያንተ ትርፍ ከአሥሩ ስንት ነው ያልከኝ?"

በጣቱ መቁጠር ጀምሮ አንዷ ጣት ላይ ቆመ። የእሱ ሒሳብ ትርፉ ከአሥር አንድ ነበር። መርከቡን አስገብቷል፣ ጉምሩኩን አስገብቷል፣ የእኔን ድካም እንኳ አስገብቷል። ምራቂን ግን አላስገባም። አሥር ዓመት ምራቂ የሌለበት አገር ኖሮ፣ የአዲስ አበባ ገዢ ከፍሎ እንዲሁ የሚሄድ መስሎታል።

"ዋጋ እንጨምራለና" አለ።

"በባህር ዛፍ ላይ?"

"ጋሼ..."

"ስማኝ። ያን አንዱን ከየት አምጥተን ነው የምንመርቀው? ከዘሐራ ቤት ነው። የሚስትህን ቤት፣ ግድግዳውን ጣሪያውን፣ በአንድ በአንድ እየነቀልን ለአዲስ አበባ አናጺ ልንመርቅ ነው። እምቢ ብያለሁ።"

"መጋዘኑ አለ አይደል እንዴ? የጎደለውን ከዋንዛው ይሞላል!"

"ዋንዛ የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"የለም ማለት የለም ነው። አጠና ብቻ ነው ያለኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አንተ!" አለኝ። "አንተ ዕድሜ ልክህን ሰውን ሁሉ ፊት ለፊት ስትሰድብ ኖረህ ይህቺን መናገር አቃተህ? ደንበኛውን፣ ሚስቴን፣ ጉምሩኩን፣ አልጋውን ሳይቀር ሰድበሃል!"

"አልጋው ያቃጥላል።"

"አትቀልድ! እሺ ብትል የምትጠቀመው አንተው ነበርክ እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ መኪናውን አስነሳ። በረደኝ።"

መኪናውን አስነሳ። ዌሪቢ ላይ ጎመኑን እያየሁ መጣሁ። ጎመን እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላውቅም ነበር።

የቀሩት ቀኖች

በማግስቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀቱ አልነበረም። እንድሪስ ሰኞ ወደ ሥራው ሄደ፤ ኖቲስ አልሰጠም። አብሮኝ ይበላል፣ አያናግረኝም። ጨው ሲፈልግ ሰሚራን ነው የሚጠይቀው፤ እሷም በእንግሊዝኛ እየመለሰች ታቀብለዋለች። እኔ በብሩኖ ጣውላ ለዘሐራ መደርደሪያ ሠራሁ። ስትደረድርበት ምንም አላለችኝም። ብቻ በዚያው ሳምንት ከእኔ በፊት እንድሪስ አንድም ቀን ቁርስ አልቀረበለትም። እሱም ይህን አይቶ ይበልጥ ተቆጣ።

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ሻንጣዬን ተሸከመ፣ ትከሻዬን ሳመ፣ ዞሮ ሄደ። እኔም አልጠራሁትም። የአንድ አባት ልጆች ነን።

አዲስ አበባ ስገባ እንጨት ተራው በር ላይ ጠበቀኝ። "ኮንቴይነሩስ ሐጂ?" ይሉኛል፤ መካ ሳይሆን ሜልቦርን መሄዴን እያወቁ። "የለም" አልኳቸው። መሰላል ተውሼ ከመጋዘኔ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ፋቅሁና አዲስ ጻፍኩ፦ አጠና አለ። የእጄ ጽሑፍ ስለሆነ ጠማማ ነው፤ ግን ሰው ያነበዋል። ገዢ ጨርሶ አልጠፋብኝም። ጠግቤም አላደርኩም።

ዓመት ሊሞላ ሲል የሻይ ቤቱ ልጅ ከውጭ አገር ስልክ አለህ ብሎ ጠራኝ። ሮጥኩ። ዘሐራ ናት።

"ጋሼ፣ ቤት ገዛን።"

"የት?"

"እዚያው ብሬብሩክ። እንዳይቆጡ እንጂ... የእንጨት ነው።"

"አልቆጣም። አሸንዳው ደህና ነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ።"

"እንድሪስ የለም?"

"አለ። እዚህ አጠገቤ ቆሟል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አያናግርዎትም።"

"እኔም አላናግረውም። ንገሪው፦ ዝናብ ሳይመጣ አሸንዳውን ይጥረግ። ቅጠል ከዘጋው ውሃው ወደ ግድግዳው ይገባል። ቀለሙንም ሲላጥ ሳያይ እንዳያልፍ። ከታች፣ መሬት ከሚነካው በኩል ይጀምር፤ የሚበሰብሰው ከዚያ ነው።"

ዘሐራ ስልኩን ከአፏ አርቃ ነገረችው።

"ምን አለ?"

"'ሰምቻለሁ በይው' ይላል።"

"'ሰምቻለሁ በይው' ነው ያለው ወይስ 'ሰምቻለሁ በያቸው'?"

"'በያቸው' ነው ያለው ጋሼ" አለች ዘሐራ። ከኋላዋ እንድሪስ "እንዲህ አላልኩም!" ብሎ ሲጮህ ሻይ ቤቱ በሙሉ ሰማው።